አጋም ነው የሚሸተኝ

አማርኛ ወይንን ያውቃል ወይ ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው። ያውቃል እንጂ! ማወቅ ብቻ አይደለም፣ የአገሩን እኩሌታ በወይን ሰይሞታል። የአራተኛ ክፍል ተማሪ የኢትዮጵያን የአየር ጠባይ ዘርዝር ሲባል «ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ» ብሎ ያነበንባል። ከ1500 እስከ 2300 ሜትር ከፍታ ያለውን፣ ሙቀቱም ብርዱም የማይከፋበትን አገር፣ አባቶቻችን ስም ሲያወጡለት በጤፍ አልጠሩትም፣ በስንዴም አልጠሩትም። በወይን ጠሩት። ጨርቅ ሻጯ መርካቶ ቆማ ቀለም ስትቆጥር «ሰማያዊ አለ፣ ወይን ጠጅ አለ» ትላለች። መጠጡን በአፏ ዞሮ ላያውቅ ይችላል፣ ቀለሙን ግን አትስተውም። በየሰፈራችንም ቢያንስ አንዲት ወይንሸት አትጠፋም። እንግዲህ የአገሩን ከፍታ፣ የጨርቁን ቀለም፣ የልጁን ስም በወይን የሰየመ ሕዝብ «ወይን ለእኔ ባዕድ ነው» ቢል ማን ያምነዋል?

ታዲያ ምን ነክቶን ነው የወይን እርሻ ደርሰን፣ ብርጭቆ በእጃችን ተይዞ «እንዴት አገኛችሁት?» ስንባል ቃል የሚያጥረን? የዛሬው ጉዳዬ ይሄ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከቦታው ልጀምር።

ባቱ የዛሬ ስሟ ነው፤ የእኔ ዕድሜ ሰው አፉ ላይ ቀድሞ የሚመጣለት ዝዋይ ነው። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በቢሾፍቱ አድርጎ፣ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፎ፣ መቂን አልፎ ይደረሳል። የፍጥነት መንገዱ ከተሠራ ወዲህማ ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት የሚገባበት ሽርሽር ሆናለች። (መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ማለቴ ነው። ይሄን ሳይጠይቅ የሚነሳ መንገደኛ የለም።) በከተማዋ አጠገብ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ከ100 ሄክታር በላይ ወይን ተክሏል። ችግኙ ከፈረንሳይ ነው የመጣው። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሻርዶኔ የሚባሉት ዘሮች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ወጡ። «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የሚል ስምም ተለጠፈባቸው።

የአገራችን ወይን በዚህ ተጀመረ ማለቴ አይደለም። ጉደርንና አክሱማይትን የማያውቅ የሠርግ ድንኳን የለም። ቤተ ክርስቲያንም ለቅዳሴዋ ዘቢብ ዘፍዝፋ ስትጨምቅ ኖራለች። ባቱ ላይ አዲስ የሆነው መጠጡ ሳይሆን ጉብኝቱ ነው። ወይንን ለመጠጣት ብቻ ሳይሆን ሲበቅል ለማየት መሄድ፣ ረድፉን ማየት፣ ማሽተት፣ መቅመስ፣ ስለ ቀመሱት መናገር። የመጨረሻው ነው ያስቸገረን።

ቦታው ጸጥ ያለ ነው። ከከተማው የባጃጅ ጩኸት ጥቂት ፈቀቅ ሲሉ የሚሰማው ነፋስና ወፍ ነው። በአንድ ወገን ሐይቁ ተኝቷል፤ በሌላው ወገን የወይኑ ረድፍ እንደተማሪ ሰልፍ ተስተካክሎ ቆሟል። እንዲህ ያለ ቦታ ደርሶ ዝም ማለት ደስ ይላል። ችግሩ፣ የእኛ ዝምታ የእርካታ ይሁን የቃል እጦት መለየት አለመቻሉ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ጎብኚ ሁለት ፍርድ ብቻ ነው ያለው። አንደኛው «ዋው! ፈረንሳይ የሄድን እኮ ነው የመሰለን!» ነው። ሁለተኛው «ኧረ ይሄ ኮምጣጤ ነው፣ ስኳር የለም?» ነው። እናንተዬ፣ ሁለቱም ትችት አይደሉም። የመጀመሪያው ሰውዬ ያየው ያላየውን ፈረንሳይ ነው፤ ሁለተኛው የፈለገው ለስላሳ መጠጥ ነው። በመካከል ያለው ወይን ራሱ ሳይታይ፣ ሳይነገርለት ቀርቶ ጠርሙሱ ይነሳል።

አንድ ጊዜ አሥራ አምስት ያህል ሆነን በሚኒባስ ወርደን ነበር። ከአዲስ አበባ አብሮን የመጣው አስጎብኚ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ ትሑት፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ጥላ ሥር ተቀምጠን ገዝተን የያዝናቸውን ጠርሙሶች ከፈትን። ልጁ በእጁ የታጠፈ ወረቀት ይዟል። አጠገቤ ጡረታ የወጡ አንዲት አስተማሪ ተቀምጠዋል፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ልጁ ቀዩን ትንሽ ቀድቶ ሰጣቸውና፣

«እትዬ፣ እስኪ ያሽትቱትና ምን ምን እንደሚል ይንገሩኝ» አላቸው።

አሸተቱ። ዝም አሉ። እንደገና አሸተቱና፣

«አጋም ነው የሚሸተኝ» አሉ።

«አጋም?»

«አጋም ነዋ! ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅ የምንለቅመው። ገና ቀዩን አይደለም፣ ደህና አድርጎ የበሰለው፣ ጥቁሩ። ጣትም ምላስም የሚያቀልመው።»

ልጁ ወረቀቱን ገልጦ አየ። «እዚህ ላይ የሚለው ብላክ ከረንት ነው እትዬ» አለ በአክብሮት።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?»

«የፈረንጅ አገር ፍሬ ነው።»

«አንተ ቀምሰኸዋል?»

«ኧረ አልቀመስኩም።»

«እኔም አልቀመስኩም። ታዲያ ሁለታችንም ያልቀመስነውን እንዴት አድርገን ነው የምናሸተው?»

ሳቅ ሆነ። ልጁም አብሮን ሳቀ። ነገሩ በሳቅ አለፈ፤ እኔ ግን አላለፈልኝም።

ዓመታት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ያስተማርኩትን ነገር እትዬ በአንድ ጥያቄ ጨርሰውታልና። ተነጻጻሪ ዘይቤ የምንለው ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንዱ ልንገልጸው የፈለግነው ነው፤ ሌላው የምናነጻጽርበት ነው። ሕጉ ደግሞ የታወቀ ነው። የምናነጻጽርበቱ ከምንገልጸው ይበልጥ የታወቀ መሆን አለበት። «እንደ አንበሳ ጀግና» ስንል አንበሳን ያየነው ስድስት ኪሎ አጥር ውስጥ ቢሆንም፣ ከተረቱም ከሳንቲሙም አውቀነዋል። የማናውቀውን በምናውቀው መግለጽ ዘይቤ ነው። የማናውቀውን በማናውቀው መግለጽስ? እሱ ድግምት ነው። «ይሄ ወይን ብላክ ከረንት፣ ቼሪና ቫዮሌት ይሸታል» የሚለው ዓረፍተ ነገር አዲስ አበባ ላደገ፣ ደብረ ብርሃን ላደገ፣ መቂ ላደገ ሰው ድግምት ነው። አይገባውም፤ ግን ያስፈራዋል። ሲያስፈራው ደግሞ ዝም ይላል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባል የለ? የማያውቁት ፍሬም አይሸትም።

ልጁ ጥፋት የለበትም። ወረቀቱን ያልጻፈው እሱ ነው። ወረቀቱን የጻፈውም ቢሆን ከሌላ ወረቀት ነው የገለበጠው። የመጀመሪያውን ወረቀት የጻፉት ሰዎች ግን አልገለበጡም። ይሄን ልብ እንበል። አን ኖብል የተባሉት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ የዴቪስ ግቢ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ «የሽታ መንኮራኩር» የሚባል ሰሌዳ አዘጋጅተው ነበር። ሰሌዳው ክብ ነው። መሃሉ ላይ ጠቅለል ያለው ቃል ይገኛል፤ ፍራፍሬ፣ አበባ፣ ቅመም፣ እንጨት እያለ። ወደ ጠርዙ ሲሄዱ ዝርዝሩ ይመጣል፤ የትኛው ፍሬ፣ የትኛው ቅመም። ይህ ሥራ ተወዳጅ የሆነው ቃሉ ስላማረ አይደለም። ተማሪ ቃሉን ከመማሩ በፊት ፍሬውን፣ ቅመሙን፣ ቅጠሉን ራሱን በብርጭቆ ውስጥ እያደረገ እንዲያሸት ስለሚደረግ ነው። መጀመሪያ ፍሬው፣ ኋላ ቃሉ። እኛ ቃሉን በፖስታ አስመጥተን ፍሬውን እዚያው ተውነው።

ደግሞም የባለሙያው አፍንጫ ራሱ ከቃል ነጻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ የቦርዶ ጥናት አለ። 54 የወይን ጠጅ ሙያ ተማሪዎችን ሰበሰቡና ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ማቅለሚያ አቅልተው ሰጧቸው። ተማሪዎቹ አሸተቱና ለነጭ ወይን የሚባለውን ቃል ትተው የቀይ ወይን ቃላት ደረደሩ። እንግዲህ እዚያው ቦርዶ፣ የሙያው አፈር ላይ የበቀለው ልጅ እንኳን ዓይኑ ያየውን ነው አፍንጫው የነገረው። ይሄን ስናገር ሙያውን ለማቃለል አይደለም። ወይን መቅመስ የኬሚስትሪ ምርመራ ሳይሆን ንባብ መሆኑን ለማሳየት ነው። ንባብ ደግሞ አንባቢው ይዞት የመጣው ነገር ይፈልጋል። ትዝታ፣ ምግብ፣ ልጅነት ይዞ መምጣት አለበት። እትዬ ይዘው የመጡት የልጅነታቸውን ዱር ነው። ወረቀቱ ከሚለው ይልቅ የእርሳቸው ንባብ ትክክል ነው ብዬ እከራከራለሁ።

«ታዲያ አማርኛ ቃል አለው ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አላችሁ? ጠጅ ቤት ግቡ! አሳላፊው «ለስላሳ ነው፣ መሃለኛ ነው፣ ደረቅ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ዛሬ የወይን ዝርዝር ላይ በፈረንጅኛ ተጽፎ የሚያስደነግጠን የጣፋጭነት ደረጃ ምን ሆነና? ያው ለስላሳ፣ መሃለኛ፣ ደረቅ ነው። አያቶቻችን ብርሌ ጨብጠው ሲለዩት የኖሩት ነገር ነው። ጠላ ቤትም ቃል ሞልቷል። ገና ያልጠራው ጉሽ ይባላል። ያለፈበት ቆመጠጠ ይባላል። ጌሾ የበዛበትን፣ ማር የሳሳበትን፣ ውሃ የበዛበትን ለይቶ የማይናገር ጠጅ ጠጪ ካለ ጠጪ አይደለም፣ ተጠማሁ ባይ ነው። ይሄ ሁሉ ትችት ነው። በጥናት መጽሔት ስላልወጣ ብቻ ትችት አይደለም ማለት አንችልም።

ወደ ሽታው እንሂድ። ለቀዩ ወይን አጋም አለን፣ እንጆሪ አለን፣ ቀጋ አለን። አፍ ውስጥ ገብቶ ምላስ የሚያኮማትረውን ባሕርይ፣ ፈረንጆቹ ስንት ገጽ የሚጽፉለትን፣ ዶቅማ የበላ ልጅ በአንድ ቃል ይረዳዋል። ሹል ብሎ ለሚቆመው ጎምዛዛነት ኮሽምና እንኮይ አሉ። ለነጩ ሎሚ፣ ትርንጎ፣ ኮክ አሉ። «የጢስ ሽታ አለው» ከተባለ በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ አለ። «የቆዳ ሽታ አለው» ከተባለ ለመንገድ የተቋጠረ አገልግል አለ። እስኪ ንገሩኝ፣ «ይህ ወይን መጀመሪያ አጋም ይላል፣ ኋላ ላይ እንደ ዶቅማ ምላስ ይዞ ይቀራል፣ በመጨረሻ የወይራ ጢስ ይተዋል» ቢባል የማይገባው ኢትዮጵያዊ ማን ነው? የማይጠጣው ሰው እንኳን ይገባዋል።

ባቱ የኦሮሚያ ከተማ ናትና ሌላም ነገር አለ። አማርኛው አጋም የሚለውን ኦሮምኛው አጋምሳ ይለዋል። ዶቅማን በዴሳ ይለዋል። ወይኑን የሚገርዘውና የሚለቅመው የአካባቢው ሰው አጋምሳ ሲባል ያውቀዋል፤ ከአዲስ አበባ የመጣው አጋም ሲባል ያውቀዋል። በአንድ ፍሬ ላይ ሁለቱ ሊነጋገሩ ይችላሉ። በብላክ ከረንት ግን ሁለቱም አይነጋገሩም። ከሁለቱም በላይ ቆሞ የሚናገረው ወረቀቱ ብቻ ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ አይጠፋም። «ወይኑ ውጭ አገርም ይሸጣል፣ ገዢው በሚያውቀው ቋንቋ ነው የሚነገረው» ይለኛል። ልክ ነው። ሻንጋይ ላለ ጠጪ አጋም በሉት አላልኩም። የወይኑ ዘር ስምም ሜርሎ ይባል፣ ሲራ ይባል፤ ሻይን ሻይ፣ ማካሮኒን ማካሮኒ ብለን ተቀብለን የለም ወይ? የዕቃ ስም መዋስ ነውር የለውም። የጣዕም ስም መዋስ ግን ሌላ ነው። ዕቃው ከውጭ ቢመጣም አፉ የእኛ ነውና። በቡናችንም የደረሰብን ይሄ ነው። የይርጋ ጨፌ ቡና «የጃስሚንና የቤርጋሞት መዓዛ ያለው» ተብሎ ዓለምን ዞሯል። ይርጋ ጨፌ ላይ ቡናውን የሚለቅመው ገበሬ ቤርጋሞት የሚባል ፍሬ ቢያሳዩት ብርቱካን ነው ሎሚ ነው ብሎ ግራ ይገባዋል። የራሱን ቡና ጣዕም በራሱ ቋንቋ ንገረን ያለው ስንት ሰው ነው? ገዢው የሚያደንቅበትን ቃል ሻጩ ካላወቀው፣ አንደኛ ደረጃ የተባለው ለምን እንደሆነ፣ ሦስተኛ የተባለው ምን ጎድሎት እንደሆነ አያውቅም። ደረጃ ይሰጠዋል እንጂ አይከራከርም። የቃል ጉዳይ የኪስ ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው።

ቃል የተዋሰ አፍ ደግሞ ውሎ ሲያድር ዓይንም ይዋሳል። ያን ዕለት በሚኒባሱ መስኮት ስንመለከት የነበረውን ባስብ፣ ሁላችንም የምንፈልገው ፈረንሳይን የሚመስለውን ቁራጭ ነበር። ረድፉን ፎቶ አነሳን፣ ዘለላውን ፎቶ አነሳን፣ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገን ፎቶ አነሳን። ፈረንሳይን የማይመስለውን ሁሉ ከፎቶው አስወጣነው። ቦታው ግን የሚነበበው በማይመስለው በኩል ነው።

ለምሳሌ እርሻውን የሚከበው ቦይ አለ። ለጌጥ የተቆፈረ እንዳይመስላችሁ። ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገባ ነው። ቦርዶ ውስጥ ወይኑን ከጉማሬ የሚጠብቅ ገበሬ የለም። የዝዋይ ወይን ግን ሐይቁን ከጉማሬ ጋር ተካፍሎ የሚኖር ወይን ነው። ይሄ እንዴት ያለ ታሪክ ነው! ሌላም አለ። ቦርዶ ክረምቱ ብርድ ነው፤ ወይኑ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፣ በጸደይ ይነቃል። እኛ ዘንድ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ላይ፣ እንዲህ የሚያስተኛ ብርድ የለም። ወይኑን የሚያስተኛውም የሚቀሰቅሰውም መግረዣ የያዘ ሰው ነው። የገራዡ እጅ ነው ብርዱን የሚተካው። ጎብኚ ሆነን ስለ ወይኑ ዘር ስንጠይቅ ስለ ገራዡ እጅ አንጠይቅም። ዘሩን በፈረንሳይኛ እንድንጠራው ተምረናል፣ ስለ እጁ የተጻፈ ወረቀት ግን የለንም።

ሐይቁንም እንደ ስክሪን ጀርባ ሥዕል ነው የምናየው። ዝዋይ ሐይቅ ስፋቱ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ጥልቀቱ ግን ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ደሴቶቹ ላይ ዛይ የሚባሉ፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሕዝቦች ለዘመናት ኖረዋል፤ የደሴቱን ቁልቁለት እርከን እየሠሩ አርሰዋል። ቱሉ ጉዶ ላይ ደብረ ጽዮን ገዳም አለ፤ በዮዲት ጉዲት ዘመን ጽላቱ ከአክሱም ሸሽቶ እዚህ ሰንብቷል የሚል ትውፊትም ይነገራል። ያረጀ የእርሻ ጥበብና ያረጀ ታሪክ ከወይኑ ረድፍ ማዶ ውሃው ላይ ተቀምጧል። «ፈረንሳይ የሄድን መሰለን» ያልነው ለዚህ ጀርባችንን ሰጥተን ነው።

ውሃውም ጥያቄ አለበት። መቂና ቀታር ወንዞች ዝዋይን ይሞላሉ፤ ዝዋይ በቡልቡላ በኩል ወደ አብያታ ይፈስሳል። አብያታ ባለፉት አሥርት ዓመታት ክፉኛ ሸሽቷል። ለሶዳ ፋብሪካ የተሳበው ውሃ አለበት፤ ከላይ ከዝዋይና ከወንዞቹ ለመስኖ የሚቀዳውም አለበት። የቲማቲሙ፣ የሽንኩርቱ፣ የአበባው፣ የወይኑ፣ የከተማው ሁሉ አፍ ያለው አንድ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ላይ ነው። ወይኑ ብቻውን ነው ያደረቀው አላልኩም፤ ብዬ ብገኝ ሐሰተኛ ነኝ። እያልኩ ያለሁት፣ ወይን ሲቀምስ «ይሄ መሬት ምን ይላል?» ብሎ የማይጠይቅ ሰው «ይሄ ውሃ ከየት መጣ?» ብሎም አይጠይቅም ነው። ጥያቄዎቹ መንታ ናቸው።

የጠርሙሱን ስም ብቻ አንብቡት። አካሺያ። ምንድን ነው አካሺያ? ግራር ነው! የስምጥ ሸለቆው ግራር፣ እረኛው ጥላ ሥሩ የሚቀመጥበት፣ ወፉ ጎጆ የሚሰቅልበት። ያው ግራር በዚያው ሸለቆ እየተቆረጠ ከሰል ሆኖ በማዳበሪያ ተሞልቶ አስፋልት ዳር ሲሸጥ እናያለን። ጠርሙሱ ላይ ግራር ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ፣ ጠጪው ብርጭቆውን ሲያነሳ ቀና ብሎ ዛፉንም ይፈልግ ነበር፤ ሲያጣውም ይደነግጥ ነበር። አካሺያ ሲባል ግን ስሙ ያምራል እንጂ ማንንም አያስደነግጥም። የተዋስነው ቃል ምቾቱ ይሄ ነው። ምንም አያስታውሰንም።

በሰው ወርቅ አይደምቁ ይላል ያገሬ ሰው። በሰው አፍንጫም አይሸተትም። ይህን ብዬ ላበቃ ስል ግን አንድ ነገር ይይዘኛል። ያን ዕለት ስንመለስ ሞጆን አለፍ እንዳልን አስጎብኚው ልጅ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? አጋምም በልቼ አላውቅም» አለኝ። አዲስ አበባ ተወልዶ ኮንዶሚኒየም ያደገ ልጅ ነው። «ምን ይመስላል?»

ምን ብዬ ልንገረው? «ብላክ ከረንት ይመስላል» እንዳልለው እሱንም አልቀመሰ! እትዬ ያላቸውን ፍሬ ወረቀቱ አላወቀውም፤ ወረቀቱ ያለውን ፍሬ እትዬ አላወቁትም፤ ልጁ ደግሞ ሁለቱንም አላወቀም። ከሃያ ዓመት በኋላ ወይን እርሻ የሚጎበኘው የእሱ ልጅ ነው። በየኮረብታው ዳር የነበረው አጋም ለአጥርና ለማገዶ ሄዷል፣ ቀሪው በቤትና በማሳ ተተክቷል። የአጋም ቁጥቋጦ ሲጠፋ አጋም የሚለው ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ይቀራል፤ አፍንጫ ውስጥ ግን አይቀርም። ያኔ «ቃል አለን እኮ» የሚለው የእኔ ክርክርም ከንቱ ይሆናል።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ወደ ባቱ ለመውረድ የምታስቡ፣ ውረዱ። ቦታው ያምራል፣ ወይኑም ጨዋታ ያደምቃል። አስጎብኚዎች ወረቀታችሁን አትጣሉት፤ ከኋላው ግን ባዶ ገጽ ጨምሩበትና እንግዳው የሚለውን ጻፉበት። አንድ ዓመት እንደዚህ ብትጽፉ የአገሩ የሽታ መንኮራኩር ራሱ ይወጣል። ጎብኚዎች ደግሞ ከመቅመሳችሁ በፊት ገራዡን አነጋግሩት፣ ከቀመሳችሁ በኋላ ሐይቁን ዞር ብላችሁ እዩት። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ወይኑን ዕድሜያቸው ሲደርስ ይደርሱበታል። እስከዚያው መንገድ ዳር አጋም የያዘ እረኛ ካገኛችሁ ግን መኪናውን አቁሙና ግዙላቸው። ነጠላ ጨርቅ ላይ እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ ያቀልማል።